ማን አየው? ታሪካዊ ልቦለድና የማስረጃው ወሰን፦ ስለ ዐጼ ቴዎድሮስ ከተጻፉ ሥራዎች አንጻር

የአማርኛ ልቦለድ ሲወለድ ስሙ «ታሪክ» ነበረ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውና በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው ሥራ የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ ነው። እዚያ ላይ «ታሪክ» ሲባል ተረክ ለማለት እንጂ ያለፈውን ዘመን ዜና ለማለት አልነበረም፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ዘመንም በግልጽ አልተነገረም። ይሁን እንጂ ቃሉ ሁለቱን ትርጉሞች ተሸክሞ እስከ ዛሬ በመዝለቁ ታሪካዊ ልቦለድን ስንመረምር ሚዛናችን በቀላሉ ይዛባል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ደራሲው ከታሪኩ ጋር ምን ያህል ተስማማ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የታሪክ ፈተና አራሚን ያረካ እንደሆነ እንጂ ሐያሲን አያረካም። በዚህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ለማንሣት እንሞክራለን፤ ይኸውም ደራሲው የተመረኰዘበትን ማስረጃ የጻፈው ሰው ምን አይቷል? ምንስ አላየም? የሚለው ነው።

ለዚህ ምርመራ ከዐጼ ቴዎድሮስ የተሻለ ርእሰ ጉዳይ የለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ» (1958 ዓ.ም.)፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» (1961 ዓ.ም.)፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ጽፈውባቸዋል። ርእሶቹን ብቻ እንኳ ብንመለከት አንድ ነገር እንረዳለን። «ዕንባ» እና «አንድ ለናቱ» ዘውድን ሳይሆን ሰውየውን፣ ያውም የእናቱን ልጅ ያስቀድማሉ። ደራስያኑ የፈለጉት ከዙፋኑ በስተጀርባ ያለውን ልብ ነው። ችግሩ ግን ዜና መዋዕል ስለ ልብ የሚነግረን ጥቂት መሆኑ ነው።

በአማርኛ የተጻፉት የዘመኑ ዜና መዋዕሎች ሦስት ናቸው። የደብተራ ዘነብ፣ የአለቃ ወልደ ማርያም፣ እንዲሁም ስሙ ያልታወቀና ፉዜላ የተባለ ኢጣሊያዊ ሊቅ ያሳተመው የሌላ ጸሐፊ ሥራ። ዘነብ የጻፈው ንጉሡ በሕይወት ሳሉ፣ ኃይላቸውም ገና ሳይደክም ነው። ወልደ ማርያም ግን የጻፈው ከሞታቸው በኋላ፣ ጥፋቱ ሁሉ ከታየ ወዲያ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የሚለያዩት አንዱ ወዳጅ ሌላው ጠላት ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የቆሙበት ሰዓት ስለሚለያይ ጭምር ነው። ዘነብ የመቅደላን መጨረሻ አያውቅም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ የተፈጸመውን ቅብዓተ መንግሥት ሲተርክ፣ የሚተርከው መጨረሻው ያልተቈረጠ ነገር እንደሚተርክ ሰው ነው። ለልቦለድ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ገጸ ባሕርያት ነገ የሚሆነውን አያውቁምና። አንባቢው ግን ያውቃል፤ ደራሲውም ያውቃል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት የደረስጌውን ካሳ የመቅደላውን ሽጉጥ በወገቡ እንደ ታጠቀ አድርጎ ማቅረብ ነው። ወጣቱ ሽፍታ ገና ቋራ በረሃ ሳለ ንግግሩ ሁሉ የኑዛዜ ቃና ይይዛል። ዘነብን በጥሞና ያነበበ ደራሲ ከዚህ ሊድን ይችላል፤ ለመረጃው ሳይሆን ለአለማወቁ ሲል ያነበበው እንደሆነ።

ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡት የምርኮኞቹ መጻሕፍት ናቸው። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ቆንሲል ካሜሮን በ1856 ታሰረ፤ ሊያስፈታው የመጣው ራሳምና ሐኪሙ ብላንክም በተራቸው ታሰሩ። ሁለቱም ከተፈቱ በኋላ መጻሕፍት አሳተሙ። የታሰረ ሰው ጊዜ አለው፤ የሚሰማውን ሁሉ ይመዘግባል። የንጉሡ ቁጣ፣ ይቅርታ፣ ስጦታ፣ የግቢው ወሬ ሁሉ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ በቀንና በሰዓት ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ 13 ዓመት ከቈየው ዘመነ መንግሥት ውስጥ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ከቀሩት ሁሉ ይልቅ በማስረጃ የበለጸጉ ሆኑ። ስለ ቴዎድሮስ ስንጽፍ ትልሙ ወደ መቅደላ የሚያዘነብለው አሳዛኝ ፍጻሜ ስለሚስበን ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ወረቀቱም እዚያ ስለ ተከመረ ነው። ደራሲው የመረጠ ይመስለዋል እንጂ የመረጡለት እስረኞቹ ናቸው።

እነዚሁ እስረኞች ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አላዩም። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በመነሣት፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ እስከ መጋቢት ድረስ ወደ መቅደላ ተጓዙ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ እየተሠራ ነው የተኬደው። የጂዳና የበሽሎ ገደሎች ተቈፍረው ለመንኰራኩር እንዲመቹ ተደረገ። በኋላ የናፒየር ጦር በዚያው መንገድ ሲጠቀም፣ ከጦሩ ጋር የመጣው ማርካምም ሥራውን አድንቆ ጽፏል። ራሳምና ብላንክ ግን ከሐምሌ 1858 ጀምሮ አምባው ላይ ነበሩና ጉዞውን የሚያውቁት በመልእክተኛ አፍ ነው። ከንጉሡ ጋር የተጓዙት እንደ ዋልድማየር ያሉት የጋፋት ሠራተኞች ናቸው፤ የእነሱም ዓይን በንጉሡና በብረቱ ላይ ነው። ገመዱን የጐተተው ወታደርና ገበሬ ምን አለ? ምሽት ላይ ምን በላ? ከጎኑ የነበረው ባልንጀራው ሌሊት ሲከዳ ያውቅ ነበርን? በዚያ አቀበት ላይ የተዜመው ዜማ ምን ነበር? ይህን የሚነግረን ጽሑፍ የለም።

የልቦለድ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ እንደ መጣ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ በአርብ ስቅለት አሮጌ ላይ እንደ ወደቁ፣ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እንደ ሞቱ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን በምልልስ አስመስሎ መድገም የታሪክ ጸሐፊን ሥራ በደከመ እጅ መሥራት ነው። የጐታቹን ሌሊት መፍጠር ግን ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ ከባድ ምርምር ይጠይቃል። የመንዝ ወይም የበጌምድር ገበሬ በጥቅምት ወር እርሻውን ትቶ ሲሄድ ምን እንደሚጐድልበት፣ ስንቁ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ጠፍር ሲርስ እንዴት እንደሚሳብ ማወቅ ያሻል። ይህ ዕውቀት በቤተ መጻሕፍት በከፊል፣ በገጠር ደግሞ በብዛት ይገኛል። ደራስያኖቻችን ስለ ነገሥታት ያነበቡትን ያህል ስለ በሬና ስለ ጠፍር ቢጠይቁ ኖሮ ታሪካዊ ልቦለዳችን ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

የበጌምድር ነገር ከተነሣ ጎንደርን ማለፍ አይቻልም። ከተማይቱ በ1859 ዓ.ም. ስትዘረፍና አብያተ ክርስቲያናቷ ሲቃጠሉ ንብረቱን ያጣው ካህንና ነጋዴ በአብዛኛው ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የሚገባው የአንድነት እንቅፋት ሆኖ ነው። ንጉሡን የለውጥ ፋና አድርጎ የሣለው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ትውልድ ከራሱ ዘመን መንግሥት ጋር ሙግት ነበረበት፤ ቴዎድሮስን የጠራው ለዚያ ሙግት ምስክር እንዲሆኑለት ነው። ይህን አልነቅፍም። ምስክር ሆኖ የተጠራ ሰው ግን የሚናገረው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ብርሃኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው ዘመን ሲመለስ ለልቦለዱ «የታንጉት ምስጢር» የሚል ስም መስጠቱ፣ በርእሱ ላይ የንጉሥ ስም አለመኖሩ፣ በእኔ ግምት ቀላል ለውጥ አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ቋንቋው ነው። ምርኮኞቹ የንጉሡን ንግግር የሰሙት በአማርኛ ወይም በአስተርጓሚ ነው፤ የጻፉት ግን በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ነው። ደራሲው ያንን መልሶ ወደ አማርኛ ያመጣዋል። የትኛው አማርኛ? ከአሮጌ ውጊያ ማግሥት ንጉሡ ለናፒየር የጻፉትን ደብዳቤ እንውሰድ፤ ግብርና የጦር ሥርዓት ስላመጡበት ሕዝቡ እንደ ተነሣባቸው የሚያማርሩበት ነው። በእንግሊዝኛው ላይ ተመሥርቶ ቢመለስ በቀላሉ የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ይሆናል። «ሥልጣኔ»፣ «ዕድገት»፣ «ኋላ ቀርነት» የሚሉት ቃላት ዛሬ የያዙትን ትርጉም ይዘው ወደ ንጉሡ አፍ ይገባሉ፤ ከቃላቱ ጋርም የእኛ አሳብ ይገባል። እንዲህ ያለው ስሕተት ከቀን ስሕተት ይብሳል። ቀን የሳተ ደራሲ በሚቀጥለው እትም ያርመዋል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ቃል የሚያስብ ቴዎድሮስ ግን ከመሠረቱ ሌላ ሰው ነው።

መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። የዘመኑ ዜና መዋዕል በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ መጻፉ፣ ደብዳቤውም በአማርኛ መሆኑ ለእኛ ደራስያን የተሰጠ ዕድል ነው። ግርማ ሥላሴ አስፋውና አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሟቸው የንጉሡ የአማርኛ ደብዳቤዎች በዚህ ረገድ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማሉ። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የፈጣሪ ስም፣ የአባትና የልጅ ዝምድና፣ የባላንጣ ስም ተከታትለው ይመጣሉ፤ ረቂቅ አሳብ በረቂቅ ቃል ብዙም አይነገርም። ደራሲ እንደዚያ ይጻፍ ማለቴ አይደለም፤ አንባቢ በሁለት ገጽ ይሰለቻል። ግን የዚያን ዘመን ሰው ቂሙን፣ ፍርሃቱን፣ ተስፋውን በምን ስም እንደሚጠራው ሳያውቁ ስለ ውስጡ መጻፍ አይቻልም። (ስለ ማስረጃው ርቀት የሚነሣ ቅሬታም አለ። ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ያሉት ለንደን ነው፤ ቅሬታው እውነት ነው። ነገር ግን ዘነብም ደብዳቤዎቹም ታትመው ሳለ ለንደንን ምክንያት ማድረግ አያስኬድም።)

የማስረጃውን ወሰን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም እቴጌ ጥሩወርቅ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ደረስጌ ላይ ድል ሆነው የታሰሩት በኋላ ባላቸው በሆኑት ሰው እጅ ነው። ዳዊት ሲደግሙ ንጉሡ ቢገቡ፣ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው ብለው አልተነሡም የሚለው ወሬ በምርኮኞቹ በኩል ደርሶናል። ምርኮኞቹ ግን እቴጌይቱ ክፍል ውስጥ አልነበሩም፤ የሰሙትን ነው የጻፉት። ወሬው ምናልባት እውነት ነው፤ ምናልባትም አሽከሮች እቴጌይቱ እንዲሉት የተመኙት ነው። የታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይቆማል። ልቦለድ ጸሐፊ ግን ወሬውን መጀመሪያ ያወራችውን ገረድ ሊፈጥራት፣ ከበሩ ኋላ ሊያቆማት፣ ምን እንደ ሰማችና ለማን እንደ ነገረችው ሊጽፍ ይችላል። እቴጌይቱ ከባላቸው ሞት በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያው ዓመት መንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ፤ የ7 ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ባሕር ተሻገረ። ልጁ በእንግሊዝ አገር ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ብዙም ተጽፎለታል። በእናትና በልጅ መካከል በዚያ መንገድ ላይ የተነገረውን ግን የጻፈ የለም፤ በአማርኛ የሚጽፍም እስካሁን በቁም ነገር አልሞከረውም።