45 ሳጥን ከመግዛታችን በፊት

በጃፓን ሺኮኩ ደሴት ተራራ ላይ ያለችውን ካሚካትሱን በቪዲዮ አይታችኋት ይሆናል። ከ1,500 ያነሰ ሰው ይኖርባታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ቆሻሻ ማቃጠልና መቅበር እስከ 2020 እንደምታቆም አወጀች። ቪዲዮዎቹ የሚያደንቁት ቆሻሻዋን እስከ 45 ዓይነት መለየቷን ነው። እኔ ግን ዋናውን ነገር ዘለውታል ባይ ነኝ።

ዋናው ነገር ሳጥን ውስጥ የማይገባው ነው። የካሚካትሱ ሰው የወጥ ቤት ትርፍራፊውን እዚያው ቤቱ ኮምፖስት ያደርገዋል፤ ለማብላያ ዕቃው ማዘጋጃ ቤቱ ድጎማ ሰጥቷል። ወረቀትና ፕላስቲክ በወጥ ከራሰማ ማን ይፈልገዋል? ቆራሌው እንኳ አይነካውም! ደረቁ ስለማይሸት ነዋሪው ቤቱ አቆይቶ፣ በተመቸው ቀን ራሱ ወደ ማዕከሉ ይወስደዋል። ቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና የላትም።

ግቧን ግን አልመታችም፤ 80 በመቶ ገደማ ላይ ቀረች። ዳይፐርን፣ ተጣብቆ የተሠራ ጫማን የትኛው ሳጥን ይፈታዋል? እሱ የፋብሪካው ሥራ ነው።

የእኛ ትናንሽ ከተሞች ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው እርጥብ ነው፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል። ባለቀለም ሳጥን ደርድረን ይሄን ካልነካን ምን ሠራን? እስካሁን ማዳበሪያ መሆን የሚችለውን ከፕላስቲኩ ጋር ደባልቀን፣ በማዳበሪያ አስረን ነው የምንጥለው።