ምሳሌ ሆኖ የቀረ ዓሣ

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ዓሣ አንድ ነገር በል ቢባል አፉ ላይ ቀድመው የሚመጡለት ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ናቸው፦ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እና «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»። ሁለቱም ሸጋ ናቸው፤ ግን ሁለቱም ስለ ዓሣ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ሹም ነው፤ ሁለተኛው ነገር ስለሚቆሰቁስ ሰው። በአንደኛው ዓሣው ገምቷል፣ በሁለተኛው ጭራሽ አልተገኘም፤ የወጣው ዘንዶ ነው።

በዚህ ቋንቋውን መውቀስ አይቻልም። አማርኛን ያሳደገው ገበሬ ነው፤ በሬውን ቦራ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ እያለ በመልኩ ለይቶ ይጠራል። እኛ ደጀኖችም ብንሆን ትልቅ ውሃ የምናውቀው ከአፋፍ ላይ ሆነን፣ ዓባይ በረሃን ቁልቁል እያየን ነው። ከላይ ለሚያይ ሰው ወንዝ መስመር ነው፤ ውስጡ የሚኖረው ነገር አይታየውም። ችግሩ ይሄው የአፋፍ እይታ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር ድረስ ተከትሎን መሄዱ ነው። ሐይቁ ዳር ቆመንም ጣናን ከሩቅ ነው የምናየው።

እስቲ ስለ ጣና የተዘፈነውን፣ የተገጠመውን፣ ሸራ ላይ የተሳለውን አስቡ። ጭጋግ አለ፣ ገዳም አለ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ አለች፣ የደንገል ታንኳ አለ። ታንኳው ላይ ያለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ነው፤ ፊት የለውም። በደንገል ታንኳ ሥራ ስማቸው የሚነሳው ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ እየተባሉ ለዘመናት የተገለሉ ሰዎች ናቸው። ታንኳውን ፖስት ካርድ ላይ አወጣነው፤ ሠሪውን ከማዕድ አራቅነው። ይህን ተቃርኖ የያዘ አንድ ግጥም ቢገኝ ለኔ ከመቶ የፀሐይ መጥለቂያ ሥዕል ይበልጥብኛል።

ወቅቱንም የምናየው እንዲሁ ነው። መስከረም በጽሑፋችን ውስጥ የእፎይታ ወር ነው፦ ክረምቱ ያልፋል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ዘመድ ከዘመዱ ይገናኛል፣ አደይ ይፈነዳል። መስከረም 26 ቀን ደግሞ መጸው ይገባል። ጣና ውስጥ ላለው ነጭ ዓሣ ግን ይህ ወቅት ሌላ ነው። ሐይቁ ውስጥ ከሚኖሩት 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ፣ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ሊጥሉ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ሽቅብ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። መረቡ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። ለአስጋሪው ያልለፋበት ሲሳይ ነው፤ ለዓሣው የዓመቱ ክፉ ቀን።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ጣና ላይ ገቡ። ዓላማው በጎ ነበር፤ የድሃውን አስጋሪ ኑሮ ማሻሻል። ከ1991 እስከ 2001 ያለው ሲነጻጸር ግን ነጭ ዓሣው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በዋናነት ጣታቸውን የቀሰሩት በመራቢያ ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ በሚጣለው መረብ ላይ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የጣናን የሚመስል የዓሣ ቤተሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዚያ ሐይቅና ከመውጫ ወንዙ 15 ዝርያዎች ጠፍተዋል ሲል አስታወቀ። የጣናዎቹም 15 ናቸው። እነሱ ግን ገና አሉ።

እዚህ ላይ «እምቦጭስ? ስለ ጣና አልጮህንም እንዴ?» የሚለኝ ይኖራል። ጮኸናል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየና መስፋፋት ከጀመረ በኋላ ግጥሙም፣ ዘፈኑም፣ ዘመቻውም ጎርፏል። ተገቢም ነበር። ነገር ግን እምቦጭ ለገጣሚ የተመቸ ጠላት ነው። መጤ ነው፣ ፎቶ ላይ ይታያል፣ ዘመድ የለውም፤ ቢረገም የሚቀየም የለም። የመረቡ ባለቤት ግን የራሳችን ሰው ነው። በዚያ መረብ ነው ልጆቹን የሚያስተምረው፤ ከዚያ የወጣውን ዓሣ ነው እኛ ጠብሰን የምንበላው። ዓሣው ሲያልቅ ደግሞ የሐይቁ መልክ አይለወጥም፤ ጀምበሯም እንደ ወትሮው ታምራለች። ጽሑፋችን የፈራው ይሄንን ዓይነቱን ጉዳይ ነው፦ ሁለቱም ወገን እውነት ያለው፣ ክፉው ሰው ማን እንደሆነ የማይታወቅበት። የልቦለድ ትልቁ እንጀራ እኮ ይሄ ነበር።

ግጥም የዓሣ ሀብት ሪፖርት አይደለም፤ ይሄ ይገባኛል። የምጠይቀው ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ እዚያ ስም ያልተሰጠውን ነገር መልሶ መጥራት አይቻልም። በቋንቋም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁሉንም «ዓሣ» ብለን ከጠቀለልነው አንዱ ሲጠፋ የጎደለውን በምን እናውቃለን? ቆሮሶውና አምባዛው እስካሉ ድረስ «ዓሣ አለ» እንላለን።

ስሞቹ ደግሞ ጨርሰው አልጠፉም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ የሀገራችንን ዓሦች ሲመዘግብ ከሳይንሳዊ ስሞቹ አንዱን «ጎርጓሪ»፣ ሌላውን «በሶ» አለው። የአማርኛ ጆሮ ያለው ሰው እዚህ ጋ ቆም ማለቱ አይቀርም። በምሳሌያችን ጎርጓሪው ሰውየው ነው፤ በሩፐል መዝገብ ግን ጎርጓሪ የሚባለው ራሱ ዓሣው ነው፤ ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ።

የሚቀጥለውን የመስከረም ግጥም የሚጽፍ ሰው አደዩን ይተው አልልም። ከአደዩ ሌላ ግን ፎገራ ወርዶ ጉማራ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ቢሄድ፣ መረቡን የሚስበውን ሰው «ይሄኛው ምን ይባላል? ያኛውስ? ድሮ ይወጣ የነበረ፣ አሁን የቀረ አለ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የተነገረውን ስም ይዞ ቢመለስ እላለሁ። በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ አታስግሩ የሚል ደንብ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባው መጀመሪያ የዓሣው ስም ሲገባ ነው።