ወደማላውቀው ሜዳ

የምኖረው ሰበታ ነው፤ ሥራዬ የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ ማንሳት ነው። ሙያውን የተማርኩት ከቤቴ ብዙ ሳልርቅ፣ ከሦስት ቦታዎች ነው፤ ከሰበታ በላይ ወጨጫ ተራራ ላይ ከሚገኘው ከመናገሻ ሱባ ደን፣ ቡራዩ ካለው ከገፈርሳ ግድብ ዳር እና ከሱሉልታ ሜዳ። ቆርኬ የተባለውን እንስሳ ለማንሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰንቀሌ መጠለያ ለመሄድ ስነሳ ግን የማላውቀው አገር ነበር የጠበቀኝ።

መናገሻ ነፋስን አስተማረኝ። ደኑን በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር አስተከሉት ይባላል። እዚያ ያለው የምኒልክ ድኩላ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫውና በጆሮው ይጠነቀቃል። ነፋስ ከኋላዬ እየመጣ በቀጥታ ስጠጋው ያየሁት ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ከፍ አድርጌ ሳልበትን አልራመድም። ገፈርሳ ደግሞ መቀመጥን አስተማረኝ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የሚኖረው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ሣሩን እየነጨ ወደ ተቀመጠ ሰው ይቀርባል፤ ወደ እሱ ከሚሄድ ሰው ግን ይሸሻል። ሱሉልታ ያስተማረኝ ወቅትን ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ ጭቃው እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ የሄደ ሰው ያንኑ ቦታ ሌላ አገር ሊመስለው ይችላል።

ቆርኬ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የገላጣ ሜዳ እንስሳ ነው። እንደ እሱ በገላጣ ሜዳ የሚኖር ፕሮንግሆርን የሚባል እንስሳ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች አለ፤ በሰዓት እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ ከሩቅም አጥርቶ ያያል። በብዙዎቹ ግዛቶች አዳኞች እሱን የማደን ፈቃድ የሚያገኙት በዕጣ ስለሆነ፣ ወደማያውቁት ግዛት የሚሄዱት ከወራት በፊት አመልክተው፣ ካርታ አጥንተውና የመሬቱን ባለቤት ለይተው ነው። እኔ የምይዘው ካሜራ ቢሆንም ዝግጅቱ አንድ ነው፤ በገላጣ ሜዳ ላይ መጀመሪያ የሚያየው እንስሳው ነውና።

ቆርኬን በጠመንጃ ማሰብ አይቻልም፤ ጥበቃ የሚደረግለት ብርቅዬ እንስሳ ነው፤ ሕጉም ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የእኛ ቆርኬ በአንድ ወቅት በሶማሌላንድ ሜዳዎች ላይ ሳይቀር በብዛት ይኖር ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ ያመጣው የከብት በሽታ የዱር እንስሳትንም ፈጅቷል፤ አደኑና የግጦሽ መሬት መጥበቡ ሲጨመሩበት ዛሬ የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሰንቀሌ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ መጠለያ። ቦታው እንዲህ ጠባብ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በስህተት የሚያባርረው መንጋ የሚሸሽበት ሰፊ አገር የለውም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዕቅዴን ከፎቶው ሳይሆን ከእንስሳው ጀመርኩ።

መጀመሪያ ወቅቱን መረጥኩ። ከዝናብ በኋላ ሣሩ ስለሚረዝም የተኛ ቆርኬ አይታይም፤ ስለዚህ ሣሩ የሚያጥርበትን በጋ ጠበቅኩ። ቀጥዬ የመግቢያውንና የፎቶ ማንሻውን ፈቃድ ጉዳይ ጨረስኩ። መንገዱ በሞጆና በዝዋይ አድርጎ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ወደ አጄ ነው፤ ሲመሽ ደርሶ ሲነጋ መግባት እንዲቻል አዳሬን ቅርብ አደረግኩ። ሰዓቱንም ወሰንኩ፤ ፀሐይ ከወጣች እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት እስኪመሽ። በመሀል ያለው ጊዜ ለፎቶ አይሆንም። ቆርኬውም ግራር ጥላ ሥር ያርፋል፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀትም አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው በረጅም ሌንስ የተነሳው ሁሉ ይደበዝዛል። ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም።

ሁሉንም ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ሰንቀሌ ስገባ ጠዋት አብረውኝ የወጡት የመጠለያው ጠባቂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ወረቀቱን አይተው መለሱልኝ።

«ጋሼ፣ መንጋው የት ነው የሚውለው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መንጋውን አትፈልግ፤ ኩይሳውን እይ» አሉኝ።

ወንዱ ቆርኬ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ግዛቱን ይቃኛል። ኩይሳዎቹን አንድ በአንድ ስመለከት ሩቅ ላይ አንዱ ቆሞ አገኘሁት፤ ትከሻው ከፍ፣ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ቀላ ባለው ቡናማ ገላው ላይ ጭኑና ትከሻው ጠቆር ያለ። እሱን ካዩ በኋላ ሴቶቹን ማግኘት ቀላል ነው። በብዙ ማታ ካርታ ላይ ያላገኘሁትን ነገር እኚህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ጠዋት ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁም። የት እንደሚግጡ፣ በየት በኩል እንደሚሻገሩ፣ ስንት እርምጃ ስንጠጋ አንገታቸውን ቀና እንደሚያደርጉ ብቻ አየሁ። ቀና ሲሉ ቆምን፤ ወደ ሣሩ ሲመለሱ ተራመድን፤ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ጎን እያዘነበልን፣ ዓይናችንን ሳንተክልባቸው። ከሰዓት በኋላ ያነሳሁት ፎቶ በሙሉ የዚያ ጠዋት ፍሬ ነው። በአንዱ ላይ ጥጃዋ እናቷ ሆድ ሥር ቆማ እናቲቱ ሣር ታኝካለች፤ እኔን ከምንም አልቆጠረችኝም። ከሥራዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ለአዲስ ሙያተኛ አሁን የምለው ይህን ነው። ወደማታውቀው አገር ከመሄድህ በፊት ደጅህ ያለውን ቦታ ጠንቅቀህ እወቅ፤ ነፋሱን፣ ወቅቱን፣ ትዕግሥቱን እዚያ ትማራለህ፤ ትምህርቱም ሌላ አገር አብሮህ ይሄዳል። የቦታውን ነገር ግን ይዘህ አትሄድም፤ እዚያው ያለው ሰው ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ጠባቂውን ጠይቅ፣ ሲናገር አታቋርጠው፣ ለድካሙም ተገቢውን ክፈለው። እንስሳው መጋጡን ትቶ ካየህ ቀርበሃልና ወደ ኋላ ተመለስ። መጋጡን ካላቋረጠ ያ ርቀት ትክክለኛው ነው፤ ካሜራህንም ያን ጊዜ አንሳ።