ወረንጦና እምቧይ

አበባዋ ገና አልፈነዳችም። ወይን ጠጅ ቀለሟ ደምቆ አብጣለች፤ ነገ ጠዋት ትከፈታለች። የደበርጃን አዳቃይ ሥራውን የሚጀምረው ዛሬ ማታ ነው።

ጎኗን በወረንጦ ጫፍ ይሰነጥቃል። ውስጧ አምስት ወይም ስድስት ቢጫ ከረጢቶች ተጠጋግተው እንደ ሾጣጣ ቆመዋል። መሀላቸው የሴቴው ዘንግ አለ። የአበባ ዱቄቱ የሚወጣው በየከረጢቱ ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። አዳቃዩ ቀዳዳዋ ሳትከፈት ይቀድማል። ከረጢቶቹን ዘንጉን ሳይነካ አንድ በአንድ ከሥራቸው ይነቅላል። አንዷ ከቀረች እናት የምትሆነው አበባ በራሷ ዱቄት ፍሬ ልትይዝ ትችላለች፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ዘሩ ተዘርቶ ሲበቅል ነው።

የዘንጉን ርዝመትም ያያል። አንድ የደበርጃን ተክል ረጅም፣ መካከለኛና አጭር ዘንግ ያላቸው አበቦችን ያወጣል። ፍሬ በደንብ የሚይዘው ጫፉ ከከረጢቶቹ አልፎ ብቅ የሚለው ረጅሙ ነው። አጭሩ አብዛኛውን ጊዜ ይረግፋል። ስለዚህ ያልፈዋል።

በማግስቱ ጠዋት የአባትየውን ዱቄት በዘንጉ ጫፍ ላይ ያስነካል፣ አበባውን ይሸፍናል፣ መለያ ያስራል። በመለያው ላይ መጀመሪያ እናት፣ ቀጥሎ አባት፣ ከዚያ ቀኑ ይጻፋል። ፍሬው ለዘር የሚደርሰው 50 ቀን ካለፈው በኋላ ነው፤ ያኔ ወይን ጠጁ ቆዳ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። ከአንዱ ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይወጣል። ይህን ሁሉ የእጅ ልፋት አዋጭ የሚያደርገው ይህ ቁጥር ነው። ጃፓን ውስጥ ሳይታማ በሚገኝ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ዲቃላ ደበርጃን የወጣው ገና በ1924 እ.ኤ.አ. ነበር።

ለእኔ ግን ከወረንጦው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከእሱ የሚቀድመው ምርጫ ነው። ማን እናት ይሁን? ማን አባት? ደበርጃን እንደ እንቁላል ነጭና ድቡልቡል፣ እንደ ጣት ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ዝንጉርጉር፣ ጥቁር ለመምሰል የቀረበ ወይን ጠጅ ሆኖ ይገኛል። ከማሳው ሁለቱን ቆንጆዎች መርጦ ማዳቀል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ተክል ማማር ከፍግና ከውኃ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ለልጅ አይተላለፍም። አዳቃዩ ስለዚህ እያንዳንዱን ወላጅ ልጆቹ እርስ በርስ እስኪመሳሰሉ ድረስ ለብዙ ትውልድ ከራሱ ጋር ያራባል። ከዚያ አንዱን ከሌላው ሁሉ ጋር ያዳቅላል። ወላጆቹ 10 ከሆኑ ጥንዶቹ 45 ናቸው። ከማንም ጋር ቢጣመር ጥሩ ልጅ የሚሰጥ ወላጅ አለ። ከአንድ ተጣማሪ ጋር ብቻ የሚያምርበትም አለ። ተመራማሪዎቹ ስፕራግና ታተም በ1942 እ.ኤ.አ. በበቆሎ ላይ ለይተው የሰየሙት ይህንኑ ልዩነት ነበር። ወላጅ የሚመዘነው በመልኩ ሳይሆን በልጆቹ ነው።

አንዳንዴ የሚፈለገው በማሳው ውስጥ አይገኝም። ያኔ ወደ ዱር ዘመድ ይኬዳል፤ ከእነዚህ አንዱ እምቧይ ነው። አዎ፣ ያው «የእምቧይ ካብ» የምንለው፣ እሾሃሙና መራራው። ከደበርጃን ጋር ይዳቀላል፤ ሁለቱም 24 ክሮሞዞም አላቸው። የስፔን ቫሌንሲያ ተመራማሪዎች የፈለጉት ድርቅ መቻሉንና ክሎሮጄኒክ አሲድ የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት መያዙን ነው። የመጀመሪያው ልጅ ግማሹ እምቧይ ነው። ከደበርጃን ጋር መልሰው ሲያዳቅሉት የእምቧዩ ድርሻ በአማካይ 25 ከመቶ፣ ቀጥሎ 12.5፣ ቀጥሎ 6.25 ይሆናል። በየደረጃው የሚፈለገው ቁራጭ አብሮ እንዳይጠፋ ዘረመሉን እየመረመሩ ይመርጣሉ። ሌላም መጠንቀቂያ አለ፤ የደበርጃን ሥጋ ሲቆረጥ የሚጠቁረው ይኸው ክሎሮጄኒክ አሲድ ከአየር ጋር በኢንዛይም ሲዋሃድ ነው። አሲዱን የሚያበዛ አዳቃይ ኢንዛይሙ ደካማ የሆነ ወላጅ አብሮ መፈለግ አለበት።

መንገድ ዳር እምቧይ ሲያብብ ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ እዩት። ፍሬውን አትቅመሱ፤ አበባውን ብቻ ተመልከቱ። ወይን ጠጅ ኮከብ፣ መሀሉ የቢጫ ከረጢቶች ሾጣጣ፤ ልክ እንደ ደበርጃን።