በኖራ የቆመ ጣቢያ

የሆንግ ኮንግን የድሮ ማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ ለጥገና ተማሪዎቼ በፎቶ ሳሳይ ከበረንዳው እጀምራለሁ። እንግሊዞች በ1864 እ.ኤ.አ. የፖሊሶቹን ማደሪያ ሲሠሩ በፊቱ በኩል ቅስት ያላቸው ረጃጅም በረንዳዎች ዘረጉ። ሙቀቱና እርጥበቱ ጥላና ነፋስ ይጠይቃል። ከዚያው በረንዳ ላይ የቆመ አለቃ ደግሞ የሰልፉን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ያያል። በ1905 አንድ ፎቅ ተጨመረበት፤ በ1919 በሆሊውድ መንገድ በኩል ባለትልልቅ አምዱ ዋና መሥሪያ ቤት ተሠራ። ፍርድ ቤቱም እስር ቤቱም በዚያው ግቢ ስለነበሩ፣ የተያዘ ሰው ከምርመራ እስከ ፍርድ፣ ከፍርድ እስከ እስር ሩቅ አይሄድም። የቬትናሙ አብዮተኛ ሆ ቺ ሚን በ1931 የታሰረው እዚሁ ነው። በሜዳው ላይ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ፍሬው የበዛ ዓመት ሹመት ይበዛል ይሉ ነበር ፖሊሶቹ።

እኔን ግን የሚይዘኝ ግንቡ ነው። በዚያ ዘመን የጡብ ግንብ ማያያዣው ኖራ ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ይፈረፈራል። ጀማሪ ግንበኛ ይህን ሲያይ ደክሟል ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወደ ግንቡ የገባ ዝናብ በኖራው በኩል ይተን ነበር፤ መውጫው ሲዘጋበት በጡቡ ገላ ይወጣል፣ ጨው ከጡቡ ፊት ሥር ይጠራቀማል፣ ፊቱም እየተላጠ ይረግፋል። የጎንደር አብያተ መንግሥታትም በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ተለጥፎባቸው በኋላ በኖራ መተካት አስፈልጓል።

እስር ቤቱ በ2006 ተዘጋ። ግቢው እየታደሰ ሳለ በግንቦት 2016 የባለትዳር ኢንስፔክተሮች መኖሪያ ከፊሉ ተደረመሰ፤ ምርመራው ያመለከተው አንድ የተዳከመ የጡብ ምሰሶ ነው። የድሮ ግንብ ብረት የለውም፤ ሸክሙን ምሰሶ ለምሰሶ ያቀባብላል። ስለዚህ ሸክሙ በየት እንደሚወርድ በወረቀት ላይ ሳልከታተል መዶሻ አላስነሳም።

በ2018 ግቢው ታይ ኩን ተብሎ የጥበብ ማዕከል ሆነ። የስዊዘርላንዶቹ አርክቴክቶች ሄርዞግ እና ደ ሙሮን በአሮጌዎቹ መሃል ሁለት ሕንፃዎች አቆሙ፤ የለበሱትም ከመኪና ቸርኬ ቀልጦ የተሠራ የአሉሚኒየም ብሎኬት ነው፤ መጠኑ ከአሮጌው ግንብ የተለካ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጡብ ይሻል ነበር ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ከ1864ቱ ጡብ አጠገብ አዲስ ጡብ ቢደረደር፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለጥገና የሚመጣው ሰው የትኛውን በምን እንደሚነካ በምን ይለያል?