ረድፉ ከጠፋ በኋላ ምን ይቀራል?

ሊስት ሲከፈት የሁሉም ሰው ሥራ ያምራል። ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው ረድፎቹ ሲጠፉ ነው። የጃቫስክሪፕት ኮድ ስትገመግሙ የሚከተሉትን እዩ።

መጀመሪያ ሊስነሮቹን ቁጠሩ። ሺህ ረድፍ ስላለ ብቻ ሺህ የክሊክ ሊስነር አያስፈልግም። ክሊክ ከተነካው ቦታ ተነሥቶ ወደ ወላጆቹ ስለሚወጣ፣ ሊስቱን በያዘው ኤለመንት ላይ የተቀመጠ አንድ ሊስነር ሁሉንም ይሰማል፤ የተነካውን ረድፍም በ«ክሎዘስት» ያገኘዋል። «ፎከስ» እና «ብለር» ግን እንደ ክሊክ ወደ ላይ አይወጡም። በእነሱ ፈንታ «ፎከስኢን» እና «ፎከስአውት» ተጽፈው ካያችሁ፣ ኮዱን የጻፈው ሰው ነገሩ የገባው ነው።

ቀጥሎ ሊስነሩ የት እንደተሰቀለ ጠይቁ። ብዙ ገምጋሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በራሱ በረድፉ ላይ ያለ ሊስነር ብዙም አያሰጋም፤ ረድፉ ከገጹ ወጥቶ ሌላ የሚይዘው ከሌለ፣ የዛሬ ብራውዘሮች ሁለቱንም አብረው ያጸዳሉ። የሚያሰጋው ረድፉ በ«ዊንዶው» ወይም በ«ዶኩመንት» ላይ ያስመዘገበው ሊስነር፣ ወይም ያላቆመው ታይመር ነው። እነዚህ ከረድፉ በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ፈንክሽናቸው ረድፉን የሚጠቅስ ከሆነ ሜሞሪውን አይለቅም። ተከራዩ ወጥቷል፣ ቁልፉን ስላልመለሰ ግን ቤቱ ለሌላ አይከራይም።

ሦስተኛው የማንሻው መስመር ነው። «ሪሙቭኢቨንትሊስነር» መጀመሪያ የተሰጠውን ያንኑ ፈንክሽን ይፈልጋል። እዚያው ላይ አዲስ የተጻፈ ስም አልባ ፈንክሽን፣ ወይም እንደገና «ባይንድ» የተደረገ ከተሰጠው ምንም አያነሣም፤ ስሕተት ብሎም አይናገርም። መስመሩ መኖሩ ብቻ አያርካችሁ። ብልህ ሠሪ ለረድፉ አንድ «አቦርትኮንትሮለር» ይሠራል፣ ሲግናሉን ለሁሉም ሊስነሮች ይሰጣል፣ ረድፉ ሲወጣ በአንድ «አቦርት» ሁሉንም ያነሣል። በሪአክት ከሆነ ለ«ዩዝኢፌክት» የተሰጠው ፈንክሽን ማጽጃ ፈንክሽን መመለሱን አረጋግጡ።

በመጨረሻ ፈትኑት። ሊስቱን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ በየዙሩ በክሮም ዴቭቱልስ የሜሞሪ ክፍል ሂፕ ስናፕሾት አንሡና «ዲታችድ» የሚለውን ፈልጉ። ቁጥሩ በየዙሩ የሚጨምር ከሆነ ሊክ አለ፤ ባለበት ከረጋ ሥራው ደህና ነው።

ማስመዝገቢያውና ማንሻው ጎን ለጎን ያልተጻፉበትን ኮድ፣ ምንም ቢያምር፣ አትቀበሉ።