ማዘርቦርድ ሲለወጥ «ፎርማት ይደረግ» ስለሚባለው ፍርድ

በሐብሩ ወረዳ በግራናም ኾነ በመርሳና በወልድያ፥ የኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ተቃጥሎ በሌላ ሲተካ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ይህ አስተያየት ከምን እንደ ተነሣ፥ ዛሬስ ምን ያህል እንደሚጸና ልንመረምር ወደድን።

ፍርዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲነሣ ሃርድ ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር ለአሮጌው ማዘርቦርድ የተሰናዳ ስለ ነበረ፥ አዲሱ ባዕድ ሲኾንበት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይቆም ነበር። ስለዚህ የያኔው ጥገና ሠራተኛ እውነት ነበረው። ዊንዶውስ 10ና 11 ግን ሲነሡ አዲሱን ዕቃ ራሳቸው መርምረው ተስማሚውን ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ሊኑክስም አብዛኛውን ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይነሣል። እንግዲህ ምክንያቱ አልፎ ፍርዱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ጉዳዩ የጥበብ ክርክር ብቻ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲኾን፥ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ አለ። ዲስኩ ሲጠረግ ፎንቱም አብሮ ይጠፋል፤ ፋይሉ በፍላሽ ቢተርፍ እንኳ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ኾኖ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰውን ዘረፋ ያየ አገር፥ የተረፈውን መዝገብ በገዛ እጁ ሊጠርገው አይገባም።

ይኹን እንጂ «ዲስኩን ነቅሎ መሰካት ይበቃል» የሚለውንም ተቃራኒ አስተያየት እንዲሁ አንቀበለውም። በመጀመሪያ ሰነዱ ይገልበጥ፤ አሮጌው ማዘርቦርድ ጨርሶ ሞቶ እንደ ኾነ ዲስኩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ ሊገለበጥ ይችላል። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከኾነ የመክፈቻው ቁጥር አስቀድሞ በእጅ መኖር አለበት፤ ቁልፉን የሚጠብቀው ቺፕ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ይቀራልና። በባዮስ ውስጥ የዩኢኤፍአይና የኤኤችሲአይ አሠራር እንደ ቀድሞው መስተካከል ይገባዋል። የዊንዶውስ ፈቃድም ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለብቻው የተገዛው ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር አስቀድሞ ከተያያዘ እንደ ገና ሊጸና ሲችል፥ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ አይሻገርም።

ይህ ኹሉ ተደርጎ አልነሣ ያለ እንደ ኾነ ያን ጊዜ ይጠረግ። ፎርማት የመጨረሻ መድኀኒት እንጂ የመጀመሪያ ምርመራ እንዳልኾነ፥ ዕቃውን የሚሰጠውም የሚጠግነውም ሊያውቀው ይገባል እንላለን።